የይለፍ ቃልና ማኅተም

በቅርቡ ለጉዳይ ወደ መርጡለ ማርያም ሄጄ ሳለሁ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል የሚሠራ የዘመድ ልጅ ልጠይቅ ገባሁ። በኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎ፣ በላቲን ፊደል «ማርያም123» የሚል ተጽፎበታል።

«ይህ ምንድን ነው?» ብለው፣ «የይለፍ ቃላችን ነው፣ ጋሼ። አምስታችንም በዚሁ እንገባለን፤ አንዱ ቢቀር ሥራ እንዳይቆም ብለን ነው» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ የዚያው መሥሪያ ቤት ማኅተም በካዝና ተቈልፎ ቁልፉ ባንድ ሰው እጅ ነው። ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በሚታይበት በዚህ ከተማ፣ ንዋያተ ቅድሳት ያለ ቆጠራና ያለ ርክክብ ከእጅ ወደ እጅ እንደማይተላለፍ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የሒሳቡን መዝገብ የሚከፍተው ቃል ግን ለገባ ለወጣው ተለጥፏል። ነገ ከመዝገቡ አንድ አኃዝ ተለውጦ ቢገኝ መኪናው የሚመሰክረው ባንድ ስም ብቻ ነው፤ ስሙም የዚህ ልጅ ነው።

ቃሉ ራሱስ ምን ዐይነት ነው? ሰው ከልቡ የሚያወጣውን ቃል ሌላውም ከልቡ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች ሲዘረፉ፣ ከሁሉ በዝቶ የተገኘው 123456 ነበር። የእኛ ሰው ደግሞ የልደት ዓመቱን ይወዳል። ባለ 4 አኃዝ ቍጥር 10,000 ዐይነት ሊሆን ሲችል፣ የልደት ዓመት መሆኑን ያወቀ ሌባ መቶ ያህል ብቻ ሞክሮ ይገባል።

ልጁ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ በኮሌጅ ተምሯል። እንግዲያውስ ዕጣ አውጣበት አልሁት። 7,776 ቃላት ካሉት ዝርዝር አምስቱን በዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ከጥቂት መስመር አያልፍም፤ ሊወጣ የሚችለውም ከ28 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ዐይነት ነው። ዕጣው ግን «ሲክረትስ» በተባለው መሣሪያ ይውጣ። «ራንደም» የተባለው ለጨዋታ እንጂ ለምስጢር አልተሠራም፤ 624 ተከታታይ ውጤቶቹን ያየ ሰው ቀጣዩን አስልቶ ይደርስበታል። ቃላቱ አማርኛ ቢሆኑ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል ይጻፉ። እኛ ሀና ሐን ሳንለይ እንጽፋለን፤ መኪናው ግን ይለያል።

ማመሳከሩም ዘዴ አለው። ሞሪስና ቶምሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳስረዱት፣ መኪናው ቃሉን ራሱን ማስቀመጥ አያስፈልገውም። በቃሉ ላይ «ጨው» የሚሉትን የዘፈቀደ ቍጥር ጨምሮ ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ይፈጨዋል፤ የሚያስቀምጠው ዱቄቱን ነው። ባለቤቱ ሲመጣ እንደገና ፈጭቶ ያስተያያል። መዝገቡ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ያገኘው ዱቄት ነው፤ ቃሉ ደካማ ከሆነ ግን እየገመተ እየፈጨ ይደርስበታል።

አንዳንድ አለቆች በየሦስት ወሩ ቃል ለውጡ ይላሉ። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ያለ ምክንያት ማስለወጥን ትቶታል፤ ሰው ተገዶ ሲለውጥ 123ን 124 ያደርጋልና።

ልጁ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነበር፤ «ታምሜ ብቀርስ ማን ይግባ፣ ጋሼ?»

ተተኪህ በራሱ ስም፣ በራሱ ቃል ይግባ፤ ለዚያም አለቃህ ዛሬውኑ በደብዳቤ ይፍቀድለት አልሁት። ወረቀቱን ከኮምፒዩተሩ ላይ ላጠውና ለአለቃው ሊያሳየው ይዞት ወጣ።