«ባዶው ቦታስ ከየት መጣ?»

 

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ነበር። አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ከዋክብቱን አላህ ፈጠራቸው፣ እሺ። ከዋክብቱ ያሉበት ባዶው ቦታስ ከየት መጣ? ደግሞስ ጭራሽ ምንም ነገር ባይኖር ምን ነበረበት?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመካከላችን አንዱ «አዑዙ ቢላህ በል፣ ወስዋስ ነው!» አለው። ሌላው ሳቀ። የቀረነው ዝም አልን። ወንድማችን ሻዩን ጨርሶ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ አብሮን ተቀምጦ አላየነውም።

ይህን የምንጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። ጥፋቱ የጠያቂው ሳይሆን የእኛ ነበር ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄው ክልክል ነው ወይ? ኢማሙ ሙስሊም እንደዘገቡት ሶሓቦች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው፣ ለመናገር እንኳ የሚከብዳቸው ነገር በልባቸው እንደሚመላለስ ነገሯቸው። ነቢያችን አልተቆጧቸውም፤ ይልቁንም ያ መክበዱ የኢማን ምልክት መሆኑን አበሰሯቸው። እርግጥ ነው፣ ሰይጣን «ይህን ማን ፈጠረ? ያንንስ?» እያለ «ጌታህንስ ማን ፈጠረው?» እስከማለት እንደሚደርስ፣ እዚያ ሲደርስም በአላህ ተጠብቀን እንድናቆም የሚያዝ ሐዲስ አለ። እኛ ግን ይህን ሐዲስ አፍ ማዘጊያ አደረግነው። መቆም የታዘዘው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደረስ ነው እንጂ ስለ ሰማይና ምድር አፈጣጠር ማሰብ ላይ አይደለም። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን መጨረሻ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ቆመውም፣ ተቀምጠውም፣ ተጋድመውም ስለ ሰማያትና ምድር አፈጣጠር የሚያስተነትኑትን ያወድሳል። ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም ገና ሳይሰልም የበድር ምርኮኞችን ጉዳይ ይዞ መዲና በመጣ ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመግሪብ ሶላት ሱረቱ ጡርን ሲቀሩ ሰማ። ልቡ ሊበር እስኪቃረብ የነካው፣ ሰዎች ያለ ምንም ተፈጠሩን ወይስ ራሳቸውን ፈጠሩ የሚለው ጥያቄ ያለበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ከውጭ የገባብን አይደለም፤ የራሳችን ነው።

ፊዚክስስ ምን ይላል? ኒውተን ቦታን ዕቃ ተቀመጠበትም አልተቀመጠበትም እንደማይለወጥ ባዶ ክፍል አድርጎ ነበር የሚያየው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ይህን ቀየረው፦ ቦታ በቁስ ይታጠፋል። ለሜትር በ1927 ቦታ ራሱ እየሰፋ እንደሆነ ጻፈ፤ ሐብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁን መጠን ፈጥነው እንደሚሸሹ በልኬት አሳየ። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ከሰማይ አቅጣጫዎች ሁሉ የሚመጣ ደካማ ጨረር ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ሙቀቱ 2.7 ኬልቪን ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ወደነበረ እጅግ የጋለና የታመቀ ሁኔታ ይመራል።

የድፎ ዳቦ ሊጥ ሲነፋ አስቡ፤ በላዩ የተነሰነሰው ጥቁር አዝሙድ በሊጡ ላይ ሳይራመድ እርስ በርሱ ይራራቃል። ጋላክሲዎችም እንዲሁ ናቸው። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ሊጡ የሚነፋው ምጣዱ ውስጥ ነው፣ ቦታ ግን የሚሰፋበት ሌላ ቦታ አያስፈልገውም። አእምሯችን «ከዚያ ወዲያስ?» ማለቱን አይተውም። ኢማሙ ገዛሊ ከ900 ዓመታት በፊት «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ ነክተዋል። ከዓለም ጫፍ ወዲያ ቦታ አለ ብሎ የሚያስበው ምናባችን ነው፤ ከዓለም በፊት ጊዜ ነበረ ብሎ የሚያስበውም እርሱው ነው ይላሉ። ጊዜም የተፈጠረ ነውና።

እዚህ ላይ ግን ሁለተኛ ስሕተት ይጠብቀናል። አንዳንዶቻችን ቢግ ባንግን ስንሰማ «ይኸው ቁርኣን ተረጋገጠ!» ብለን እንጨበጭባለን። ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንስታይን ራሱ በ1917 ዓለም የማይሰፋ እንዲሆን በእኩልታው ላይ ቋሚ ቁጥር ጨምሮ ነበር። በዚያ ዘመን «የማይሰፋው ዓለም ቁርኣን ውስጥ አለ» ያለ ሰው ቢኖር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን ሊል ነው? ዛሬም ቢሆን የአንስታይን እኩልታዎች በመጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ይፈርሳሉ። ገዛሊ የግርዶሽን ስሌት በዲን ስም የሚሟገት ሰው ዲኑን ይጎዳል ብለው አስጠንቅቀዋል። የእኛ ኢማን በሚሻሻል ቲዎሪ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

በሌላ ወገን ፊዚክስ «ለምን አለ?» የሚለውን ዘጋው የሚሉም አሉ። ሎረንስ ክራውስ በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም ከምንም ሊወጣ እንደሚችል ተከራክሯል። ነገር ግን የዚያ ክርክር «ምንም» የኳንተም መስክና ሕግ ያለበት ነው። መስክና ሕግ ካለ ምንም አይደለም፤ ጥያቄው አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ እንጂ አልተመለሰም።

የእኛን ዶርም እንመልከት። አንዱ ኤክስቴንሽን በሌላው ላይ፣ ያም በሌላው ላይ ተሰክቷል። አሥር ይሁን፣ ሺህ ይሁን፣ መጨረሻ የሌለው ይሁን፣ አንዳቸውም የራሳቸው ኃይል የላቸውምና ሁሉም ተበዳሪ ብቻ ከሆኑ የማንም ስልክ ቻርጅ አያደርግም። መኖርም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም የተቀበለው ከሆነ፣ ያልተቀበለ ሰጪ ሊኖር ግድ ነው። «የግድግዳው ሶኬትም እኮ ከግድቡ ይቀበላል» የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። ምሳሌው ለፍጡር ነው እንጂ ለፈጣሪ አይሆንም። መድረሳ ውስጥ በልጅነታችን «ቂያሙሁ ቢነፍሲህ» እያልን የሐፈዝነው ትርጉሙ ይኸው ነበር፦ ሁሉ ወደርሱ የሚከጅል፣ እርሱ ወደማንም የማይከጅል። «አላህን ማን ፈጠረው?» የሚለው ላይ ማቆም የታዘዝነውም ለዚህ ነው፤ የማይበደረውን «ከማን ተበደርክ?» እንደማለት ነውና።

«ታዲያ ያ ያልተቀበለው ዓለም ራሱ ቢሆንስ?» ለሚለው፣ ዲዛይን ስናቀርብ መምህራችን «ይህ ቁጥር ለምን ይህ ሆነ?» ይላሉ፤ ሌላ ሊሆን የሚችል ቁጥር ሁሉ ወሳኝ አለው። ዓለም ደግሞ ዕድሜው፣ ስፋቱ፣ ሙቀቱ ሌላ ሊሆን ይችል የነበረ፣ የተለካ ነገር ነው። ይህ ላብራቶሪ ውስጥ የሚመዘን ማስረጃ አይደለም፤ ለሚያስብ ሰው ግን ምልክት ነው። ሊቃውንቱም ሲሟገቱበት ኖረዋል፤ ኢብኑ ሩሽድ ለገዛሊ ኪታብ መልስ የጻፉት በኪታብ ነው እንጂ በሳቅ አይደለም።

ስለዚህ ጀመዓችን በሳምንት አንድ ምሽት ለጥያቄ ብቻ ይመድብ። ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ተቀባይነት ይኑረው። መልሱን የማናውቀው ሲመጣ «አላውቅም፣ ኡስታዙን እንጠይቅ» እንበል። በጠያቂ መሳቅ ይቅር። ከሁሉ በፊት ግን ከመካከላችን አንዱ ዛሬ ማታ የዚያን ወንድማችንን በር ያንኳኳ፤ ሻይም ይዞ ይሂድ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ እንደነበር እንንገረው፤ ይቅርታም እንጠይቀው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።