ብራናውና ልብ ወለዱ

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ ጥራዙ እስኪላቀቅ ድረስ ተነበበ። ደራሲዋ ጀራልዲን ብሩክስ ናት፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውም መጽሐፍ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የመጽሐፉ ሰዎች» ይባላል። ታሪኩ በሁለት ዘመን ይሄዳል። በአንደኛው ሐና የምትባል የመጻሕፍት ጠጋኝ ሳራዬቮ ገብታ አንድ ጥንታዊ የአይሁድ ብራና ትጠግናለች፤ በመጽሐፉም ውስጥ የነፍሳት ክንፍ፣ የወይን ጠጅ እድፍ፣ የጨው ቅንጣትና ነጭ ጠጉር ታገኛለች። በሌላው ዘመን እያንዳንዱ ምልክት ወደ ኋላ እየመራ መጽሐፉን የያዙትን ሰዎች ያሳየናል።

ብራናው እውነተኛ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በስፔን አገር ተዘጋጅቶ፣ በ1609 የካቶሊክ መርማሪ ፈርሞበት፣ በ1894 የሳራዬቮ ቤተ መዘክር ገዛው። በ1942 ናዚዎች ሊወስዱት ሲመጡ ደርቪሽ ኮርኩት የተባለ ሙስሊም የቤተ መጻሕፍት ሹም ደብቆ አዳነው። ይህን አንብበን ስንጨርስ ሁላችንም ያልነው አንድ ቃል ነበር፤ «እኛስ?»

ከመካከላችን በቄስ ትምህርት ቤት ያደጉት እንደሚያውቁት፣ የአገራችን ብራና የነፍሳት ክንፍ አያስፈልገውም። ፋቂው ሲፍቅ የሳተው ቀዳዳ ተሰፍቶ ይታያል፤ ቁም ጸሐፊው መስመር ለማስያዝ በወስፌ የወጋው ነጥብ ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል፤ የጧፍ ጠብታ አለ፤ በግርጌው ጥግ የስንት ዘመን አውራ ጣት ያጠቆረው እድፍ አለ። ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የተፋቀው ስም ነው። ያስጻፈው ሰው ስሙን በቀይ ቀለም አስገብቶ እንዲጸለይለት ይማጸናል፤ ኋላ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት ያንን አስፍቆ የራሱን ያስገባበታል። ከሥሩ የቀድሞው ፊደል ጥላ ይቀራል። ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል?

ገዳም ገብተው ብራና የሚያስሱ የአማርኛ ልብ ወለዶች በቅርብ ዓመታት ታይተዋል፤ ደስ ብሎናል። የምንፈራው ነገሩ የተሸሸገ ወርቅ ፍለጋ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። (ብራና እንደሆነ ሌባ ሳይጠራለትም ይሰረቃል።)

መቼም ሁለት ዘመን ከተባለ ከመቅደላ የሚበልጥ የለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን፣ እንደ ተጻፈው፣ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ በደላንታ ሜዳ ሐራጅ አወጣው። ከዘማቹ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ዋና ገዢ ሆነ፤ 350 ያህል ብራና ወደ ሙዚየሙ ገባ፤ ዛሬ የሚገኘውም በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ጽፈው ቢጠይቁ በ1872 እ.ኤ.አ. አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ።

ብዙዎቻችን ይህን ልብ ወለድ ስናልመው የእኛን መጽሐፍና የእነርሱን ሌብነት ብቻ እናያለን። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ እነዚያን መጻሕፍት መቅደላ ላይ ያሰባሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የጎንደር አድባራት ንብረት ነበሩ፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ጦር ተዘርፋ ተቃጥላለች። አንድ ጓደኛችን ይህ አይጻፍ፣ ለእንግሊዝ መከራከሪያ መስጠት ነው ሲል አጥብቆ ተሟገተን። አልተስማማንም። የጎንደሩ ካህን ማልቀስ መጽሐፉን የሎንዶን አያደርገውም። ካህኑን የዘለለ ልብ ወለድ ግን ያንን ስም እንደ ገና መፋቁ ነው።

ስለ ዛሬው ዘመን ክፍልም የምንለው አለን። በፈረንጆቹ ልብ ወለድ ብራናው የሚናገረው ባለሙያዋ በማጉያ መነጽር ስታየው ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዲዳ ነው። በእኛ አገር ግን ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ በብራና መጽሐፍ የሚቀድስ ሰው ዛሬም አለ። ባለ ታሪኳ ሎንዶን የንባብ ካርድ አውጥታ መጽሐፉን የምትጠይቅ ተማሪ ብትሆን ደግ ነው፤ እንዲያውም ከመቅደላ ብራናዎች ብዙ ቅጠል ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል። ገጹን በስልኳ ለአንድ መሪጌታ ብታሳያቸው፣ እርሳቸውም ምንም ሳይደነቁ መነጽራቸውን አስተካክለው ከመካከሉ ጀምረው ቢያዜሙት፣ ለእኛ መጽሐፉ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው።

ግዕዝ የምታነቡ ጓደኞቻችን ያንን ምዕራፍ ጽፋችሁ ብታመጡልን ይህ መጽሔት ገጽ አይነፍጋችሁም።