አፕቲትዩድን ማን ያስተምራል?

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ከሚፈተናቸው 6 ትምህርቶች አምስቱ መጽሐፍ አላቸው፣ መምህር አላቸው፣ በሳምንቱ ፕሮግራም ላይም ክፍለ ጊዜ አላቸው። ስድስተኛው ከእነዚህ አንዱም የለውም። የተፈጥሮ ሳይንስም ይሁን የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪው እንግሊዝኛና ሒሳብ እንደሚፈተን ሁሉ አፕቲትዩድንም ይፈተናል። ከመቶ ይታረምለታል፤ ያገኘው ነጥብ ከፊዚክስ ወይም ከታሪክ ሳያንስ ይደመርለታል። «ዛሬ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አፕቲትዩድ አለን» የሚል የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ግን እኔ አልገጠመኝም። አቅም ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል ይሰጣሉ። የቀረው ተማሪ በቴሌግራም የተላከለትን ፒዲኤፍ ይዞ ብቻውን ይታገላል።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። አፕቲትዩድ የተማርከውን ሳይሆን ጭንቅላትህን ነው የሚለካው፤ ስለዚህ የሚማሩት ነገር አይደለም ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲያውም ከስድስቱ ፈተናዎች ውስጥ በልምምድ ቶሎ የሚሻሻለው አፕቲትዩድ ነው ባይ ነኝ። ልጆቻችንን ብዙ ነጥብ የሚያስጥላቸውም ይኸው «አይጠናም» የሚለው አጉል እምነት ነው።

ነጥብ ደግሞ ዛሬ ቀልድ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ስንት እንደሆኑ እናውቃለን። በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከ600 ነጥብ 285 አምጥቶ በ15 ነጥብ የቀረን ልጅ አስቡት። ፊዚክሱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ስላልገባው በአንድ ክረምት 15 ነጥብ አይጨምርበትም። ኬሚስትሪውም እንደዚያው ነው። አፕቲትዩዱ ላይ ግን የጥያቄውን ዓይነት ለይቶ ካወቀና አካሄዱን ከተለማመደ 15 ነጥብ ሕልም አይሆንበትም።

«አይጠናም» የሚለውን እምነት የተዋስነው ከፈተናው ጋር አብሮ ነው። ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ የሚባለው ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ያዘጋጀው ካርል ብሪገም የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ብሪገም ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በጻፈው መጽሐፍ የፈተና ውጤትን ይዞ ዘርን ከዘር ሲያበላልጥ የነበረ ሰው ነው፤ በ1930 ግን ያ ድምዳሜው መሠረት የለውም ብሎ ራሱ በጽሑፍ ሽሮታል። ፈተናውን የሚያስተዳድረው ኮሌጅ ቦርድ ደግሞ ይህ ፈተና በጥናት የሚሻሻል አይደለም የሚለውን አቋሙን ለብዙ ዓመታት አልለቀቀም። ስታንሊ ካፕላን የሚባል የኒውዮርክ ብሩክሊን ልጅ በወላጆቹ ቤት ተማሪ ሰብስቦ ማስጠናት ጀመረና ሥራው እያደገ አገር አቀፍ ድርጅት ሆነለት። በመጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን መረመረ። በ1979 ባወጣው ዘገባም ማስጠናት ውጤትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አረጋገጠ። የጭማሪው መጠን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጭማሪ መኖሩን በተመለከተ ግን ክርክሩ አብቅቷል።

ከዚያው ፈተና የወጣች አንዲት ጥያቄ አለች፤ በዝናዋ ብዙዎች ያነሷታል። ሯጭ ለማራቶን እንደሆነው ሁሉ ማን ለምን ነው? ትላለች። ትክክለኛው መልስ ቀዛፊ ለሬጋታ ነው። የእኛ አገር ልጅ የጥያቄዋን ግማሽ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ማራቶን ማለት ለእሱ አበበ ቢቂላ ነው። ሬጋታ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር መሆኑን ግን ከየት ያውቃል? ጥቁርና ድሃ የሆኑ አሜሪካውያን ልጆችም ከዚሁ ላይ ነበር የሚወድቁት። ጥያቄዋ አእምሮን እለካለሁ ብላ የለካችው አባቱ ጀልባ ያለውን ልጅ ነው። አሜሪካኖቹ ተቃራኒ ቃል ፈልግ የሚለውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1994፣ እንዲህ ያለውን የዝምድና ጥያቄ ደግሞ በ2005 ከፈተናው አወጡት። አራት ኪሎና ለገሃር መንገድ ዳር በሚሸጡት የአፕቲትዩድ ጥራዞች ውስጥ ግን ሁለቱም እስካሁን በክብር ተቀምጠዋል።

ቃል የማወቁ ነገር ይሁን እንበል። ሎጂኩስ? እሱስ ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ አይደለም ወይ? የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ አሌክሳንደር ሉሪያ የሚባለው የሶቪየት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መባቻ ላይ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ያየው ነገር ነው። ሉሪያ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን እንዲህ እያለ ይጠይቅ ነበር፦ በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ያሉ ድቦች በሙሉ ነጭ ናቸው። ኖቫያ ዜምሊያ የሚባለው ቦታ በሩቅ ሰሜን ነው። እዚያ ያሉት ድቦች ምን ዓይነት ቀለም አላቸው? ብዙዎቹ የመለሱለት እኔ አላየሁም፣ ያላየሁትን አልናገርም፣ እዚያ የነበረን ሰው ጠይቅ እያሉ ነበር። ጥቂት ጊዜ ትምህርት ቤት የገቡት ግን ነጭ ናቸው ብለው ወዲያው መለሱ።

ያንን ገበሬ ሞኝ ነው የሚል ሰው ከእኛ መካከል ይኖራል ብዬ አልገምትም። የእኛ አገር ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ቆሞ ያላየሁትን አልመሰክርም ሲል ያስከብረዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ገበሬውን የጎደለው አእምሮ አልነበረም። የጎደለው የፈተና ቤት ደንብ ነው። የተሰጠህን ለጊዜው እንደ እውነት ተቀበል፣ ከኑሮህ የምታውቀውን ወደ ጎን አድርግ፣ ከተሰጠህ ዓረፍተ ነገር የሚወጣውን ብቻ ተናገር የሚለውን ደንብ አያውቀውም። ደንብ ደግሞ ይማሩታል።

ይህንኑ ነገር ባለፈው ክረምት ቤቴ ውስጥ በዓይኔ አየሁት። ለማትሪክ የምትዘጋጅ የዘመድ ልጅ ወርክሺቷን ይዛ መጥታ ነበር። ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ነርሶች ሁሉ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች ገጠር የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ነርሶች ገጠር የተወለዱ ናቸው። ድምዳሜው ትክክል ነው ወይስ አይደለም?

«ትክክል ነው» አለችኝ ሳታመነታ።

«ለምን?»

«እኛ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ከገጠር ነው የመጣችው ጋሼ። አውቃታለሁ።»

የመልስ ቁልፉ «አይደለም» ይላል። ለምን እንዳልሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፈበትም። እስክሪብቶ ሰጠኋትና ክብ እንድትሥል ነገርኳት፤ ትልቁ ክብ የጤና ባለሙያዎች፣ በውስጡ ያለው ትንሹ ክብ ነርሶች። ከዚያ ገጠር የተወለዱትን የሚይዝ ሦስተኛ ክብ ሣይ አልኳት። መጀመሪያ ትልቁንም ትንሹንም እንዲነካ አድርጋ ሣለችው። «ሌላ ቦታ ብታስቀምጪውስ? ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሳታፈርሺ?» አልኳት። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየች። ቀጥሎ ትልቁን ክብ በከፊል የሚነካ፣ ነርሶቹ ጋ ጨርሶ የማይደርስ ክብ ሣለች።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋም ይሆናል እኮ!»

«ይሆናል። ስለዚህ ድምዳሜው የግድ ነው?»

«አይደለም። ግን ነርሷስ?»

«ነርሷ እውነት ናት። ጥያቄው ግን ስለ እሷ አልጠየቀሽም።»

ከዚያ በኋላ በዚያው ወርክሺት ላይ የነበሩትን ተመሳሳይ ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየሣለች ሠራቻቸው። አንዱን ቁልፉ ተሳስቶ ስላገኘችው ደግሞ ደስታዋን አልቻለችውም። የመንገድ ዳር ጥራዞች ቁልፍ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ልጆቹ ግን ራሳቸውን ነው የሚጠራጠሩት።

ልምምድ ስል እንግዲህ ይህን ነው። አብዛኛው ልጅ ልምምድ የሚለው ሌላ ነገር ነው። የ10 ዓመት ፈተና ይሰበስባል፣ መልሱን አጠገቡ ያስቀምጣል፣ 14ኛው ቢ፣ 15ኛው ዲ እያለ ይሸመድዳል። ጓደኛው 300 ጥያቄ ከሠራ እሱ 400 ለመሥራት ይሽቀዳደማል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥቂት ጥያቄ ወስዶ የቀሩት ሦስት ምርጫዎች ለምን እንደማይሆኑ በቃሉ ማስረዳት ይበልጣል። ሁለት ሆነው ቢከራከሩበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ አንዱ ኤን ይዞ፣ ሌላው ሲን ይዞ። በሰዓት መሥራቱ በኋላ ይደርሳል። ገና ሳይገባው ከሰዓት ጋር የሚሯሯጥ ልጅ ስሕተቱን ያፈጥናል እንጂ ሌላ አያተርፍም።

ሌላው ጣጣ እንግሊዝኛው ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጁ የወደቀው በማሰብ ይሁን በቋንቋ መለየት ያስቸግራል። ጥያቄው መጨረሻ ላይ የተደነቀረችውን «ኤክሰፕት» ሳያይ ያለፈ ልጅ የተገላቢጦሹን ያጠቁራል። «አንለስ»፣ «ኦንሊ ኢፍ» እና «አት ሊስት» የሚሉትም እንዲሁ ትናንሽ ሆነው ትልቅ ነጥብ ይበላሉ። እኔ የምመክረው ጥያቄውን መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ አገላብጦ መረዳትን ነው። አስተሳሰቡ ከተያዘ እንግሊዝኛው ላይ ብቻ መሥራት ይቀራል።

የሎጂክ ጥያቄ ፍለጋ ጥራዝ መግዛትም የግድ አይደለም። ታክሲ መጠበቂያው ላይ የተለጠፈውን የማስጠኛ ማስታወቂያ አንብቡ። «ባለፈው ዓመት እኛ ጋ ከተማሩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ እርስዎም ይመዝገቡ» ይላል። ልጃችሁን ጠይቁት፦ ይህ ክርክር ምን የደበቀው ነገር አለ? እዚያ የሚመዘገቡት መጀመሪያውኑ ጎበዞቹና ገንዘብ ያላቸው ቢሆኑስ? ደካማውን መግቢያ ላይ ፈትነው መልሰውት ቢሆንስ? ሳይማሩ ያለፉት ስንት ናቸው? ማስታወቂያው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ድምዳሜው ግን አልተረጋገጠም። እንዲህ ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ ፈተናው ላይ የሚመጣው ቀርቶ የብድር ውል፣ የምርጫ ቅስቀሳና የፌስቡክ ወሬም አያታልለውም።

አፕቲትዩድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው ሲባል አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ትምህርት ከሆነ እሱም ሽምደዳ ይሆናል የሚል። ስጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ታሪክንና ባዮሎጂን ምን እንዳደረግናቸው አይተናል። አሁን ያለውስ ምንድን ነው? ከሁሉ የከፋው፣ መምህር የሌለበት ሽምደዳ ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ የቃሉን ክፍል ከእንግሊዝኛ መምህሩ፣ የቁጥሩን ከሒሳብ መምህሩ ጋር ቢሠሩት የሚጠይቀው አዲስ በጀት የለም። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው ቢያወጣ፣ እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ለምን እንደተሳሳተ ቢገልጽ፣ ከስንት የተምታታ ጥራዝ ያድነን ነበር። ወጪው ትንሽ ነው። የአዲስ አበባውም የጅንካውም ልጅ እኩል ያነበዋል።

ነገሩ በ12ኛ ክፍል የሚያበቃም አይደለም። ዛሬ የማስተርስ ትምህርት የሚፈልግ ሰው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሲቀመጥ ይህንኑ ዓይነት ጥያቄ ያገኛል። ባንኮችም ሠራተኛ ሲቀጥሩ የሚጠይቁት ከዚሁ የተቀዳ ነው። በ12ኛ ክፍል ያልተማረውን በ25 ዓመቱ፣ ሥራ ፈላጊ ሆኖ፣ ያው ጥራዝ ላይ ሲያፈጥ ታገኙታላችሁ።

መስከረም ላይ ፕሮግራም የምታወጡ ርእሰ መምህራን፣ ነገሩ በእጃችሁ ነው። 12ኛ ክፍል እስኪደርሱ አትጠብቁ፤ ከ11ኛ ክፍል ጀምራችሁ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፈልጉለት። ለዚህ የሚኒስቴር ደብዳቤ አያስፈልጋችሁም።