ምክሩ ይቆይ፣ እንጎቻው ይቅደም

የዛሬውን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት የልጄን ፈቃድ ጠይቄአለሁ። «ጻፊው እማ፤ ግን የራስሽንም እንዳትደብቂ» አለችኝ። ስለዚህ ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ እንደ ወጋችን አራስነቷን ያሳለፈችው እኔ ቤት ነበር። ወንድ ልጅ ነው። እልል ተባለ፣ ገንፎው ተገነፋ፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ ወጣ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ዓይኗ እንባ ማቅረር ጀመረ። አልደነገጥኩም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት ሆድ እንደሚብሳቸው፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። በነርስነት ዘመኔ ስንቷን እናት አጽናንቼ የለ?

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው፣ አራተኛው መጣ። ልጄ ገንፎውን በማንኪያ ጫፍ ነክታ ትመልሰዋለች። ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እሷ ጣሪያ ላይ አፍጥጣ ታነጋለች። ጠያቂ ሲመጣ ትስቃለች፤ እንግዳው ሲወጣ ፊቷ ይጠቁራል። እኔስ ምን አደረግሁ? መከርኳት። «ምን ጎደለሽ? ስንቱ አንድ ልጅ ለማግኘት ደጅ እየጠና! እግዚአብሔርን አታስቀይሚ፤ አመስግኚ እንጂ!» አልኳት። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በየቀኑ ነው። ጸበል አጠጣኋት፣ ዳዊት ደገምኩላት። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጸሎቱን የምሰጣት እንደ ቁጣ ነበር።

ክርስትናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሕፃኑ አለቀሰ። ለቅሶው አላቆም ሲለኝ ተነሥቼ ገባሁ። ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ አታነሣውም። «ምነው ልጄ?» ስላት፣ «እማ፣ አመስግኚ ስትዪኝ አመሰግናለሁ። ግን ምንም አይሰማኝም። ብተኛና ባልነሣ ለሁላችሁም የሚሻል ይመስለኛል» አለችኝ።

ይህን ቃል በሥራ ላይ እያለሁ ከሰው ልጅ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከገዛ ልጄ አፍ ሲወጣ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ሕፃኑን አንሥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና በቀጥታ ጠየቅኋት፤ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል? እሱንስ?» ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያልታሰበውን ያሳስባል ብሎ ይፈራል። አያሳስብም። ይልቁንም ሰው ብቻውን የተሸከመውን እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። «እሱን አይደለም» አለችኝና አለቀሰች። እስኪነጋ ድረስ ከአጠገቧ አልተለየሁም።

ጠዋት ከባሏ ጋር ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። እውነቱን ለመናገር እግሬ ወደ ኋላ ይል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ለስድብ ሲውል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ «የነርሷ ልጅ አበደች» መባሉን ፈራሁ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኔ ደግሞ የደበቅሁት ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከራሴም ነበር።

ሐኪሙ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድብርት ሕመም መሆኑን ነገረን። የሆርሞን መለዋወጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምጥ ድካም፣ አንዳንዴም ከበፊት የነበረ ጭንቀት ወይም የቤት ውስጥ ችግር ተደራርበው ያመጡታል። ስንፍና አይደለም። የእምነት ማነስ ወይም ልጅን መጥላትም አይደለም። በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሆኑ መድኃኒቶችም አሉ፤ መርጦ የሚያዘው ግን ሐኪሙ ነው።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። መድኃኒቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አፍሬ ላነሣው ስል «ተዪው» አሉኝና ጠየቁኝ።

«ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ማንን ላከለት?»

«መልአክ፣ አባቴ።»

«መልአኩስ ምን ይዞለት መጣ?»

ጥቂት አሰብኩ። «እንጎቻና ውኃ።»

«ቁጣስ ይዞ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«አየሽ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር የጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ነቢዩ እንኳ ሲደክመው መጀመሪያ የተሰጠው እንጎቻ ነው።»

ስለ መድኃኒቱም «ጸበሉም የእግዚአብሔር፣ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር» አሉኝ። ይህን እኔም አውቀው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን እያቋረጡ ብዙ ጉዳት ይደርስ በነበረበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ያን ጊዜ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስንቱን ሕመምተኛ በዚህ ቃል አሳምኜአለሁ። ለሰው ልጅ ያስተማርኩትን ለልጄ ረሳሁት።

እንግዲህ ምክሩን አቆምኩና እንጎቻውን ጀመርኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እሷን የሚቀሰቅስ የለም፤ ሕፃኑ በዚህ መሀል ከነቃ፣ ቀድማ ያለበችውን የጡት ወተት እኔ ወይም ባሏ እንሰጠዋለን። ጠያቂዎችን «ተኝታለች፣ ሌላ ቀን» ማለትን ተማርኩ። የተቀየመኝ አልጠፋም። ምግቡን ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ አደረግነው። አራስ ክፍል መግባት ያፍር የነበረውን ባሏን ልጁን እንዲያጥብ አስተማርኩት፤ አሁን ከእኔ የተሻለ አጣቢ ሆኗል። «ጸልዪ» ማለቱንም ተውኩና ማታ ማታ እጇን ይዤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ድምፅ አውጥታ ብትከተለኝም፣ ዝም ብትልም አሜን ብለን እንተኛለን። ክርስትናው በአርባኛው ቀን ደረሰ፤ ድግሱን አሳነስነው።

ከሁሉ የከበደኝ ይቅርታ መጠየቅ ነበር። በእኛ ዕድሜ ያለን ወላጆች ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አልለመደብንም፤ ክብራችን የሚቀንስ ይመስለናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ፣ «ልጄ፣ አሞሽ ሳለ ተቆጣሁሽ። በእግዚአብሔር ስም አስፈራራሁሽ። ይቅር በዪኝ» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ እጄን ይዛ ቆየች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሳልጠይቃት የሚሰማትን ትነግረኝ ጀመር። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል እስቅ ነበር፤ እኔን በእርግጥ አስተምራኛለች። ሕመሙ በአንድ ቀን አልተነቀለም፤ ወራት ፈጅቷል። መድኃኒቱንም ያቆመችው ሻል ሲላት ሳይሆን ሐኪሙ አቁሚ ሲላት ነው።

እናቶችና አያቶች ሆይ፣ ቤታችሁ አራስ ካለች ይህን ያዙልኝ። ሐዘኗ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ በልጇም በምንም ደስ መሰኘት ካቃታት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷትና የአእምሮ ጤና ሕክምና የት እንደሚሰጥ ጠይቁ። ራሷን ወይም ሕፃኑን መጉዳት ካሰበች፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማት ወይም ንግግሯ ከተምታታ ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት። እስከዚያው ብቻዋን አትተዉአት፤ ሕፃኑንም ሌላ ሰው ይያዘው። የንስሐ አባት፣ ፓስተር፣ ጎረቤት ሁሉ ይርዳ፤ የሐኪሙን ቦታ ግን አይያዝ።

ምክር የሚሰጥበት ጊዜ ይመጣል። እስከዚያው ሕፃኑን ተቀበሏትና እሷ ትተኛ፤ ስትነሣም የምትቀምሰው ይዛችሁ ጠብቋት።

የሳምንት ሰው ይበለን።