ዘንጉ ወይስ መንጠቆው? ገንዘባችን የት ይውጣ?

በዚህ ዓምድ ስለ ምጣድ፣ ስለ ልጆች ጫማና ስለ ብርድ ልብስ ስንጽፍ ቆይተናል። «ውዱ ይሻላል ወይስ ርካሹ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አያልቅምና። በዚህ ወር የደረሰን ደብዳቤ ግን ከእስከ ዛሬዎቹ ለየት ያለ ነው። የጻፉልን አየር ጤና አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። የ16 ዓመት ልጃቸው ክረምቱን ዝዋይ፣ አጎቱ ዘንድ ከርሞ ዓሣ ማጥመድ ለምዶ መጥቷል። አሁን ደግሞ ከውጭ የመጣ የማጥመጃ ዘንግ ከነማጠንጠኛው፣ ከነሣጥኑና ከሚያብረቀርቁት የውሸት ዓሣዎች ጋር ካልተገዛልኝ ብሎ ይዟቸዋል። አጎትየው በበኩሉ «በሸምበቆና በአንድ ጥቅል ናይለን ክር ያልተያዘ ዓሣ አለ እንዴ?» እያለ ይስቃል። የዕቃው ዋጋ ደግሞ የቤቱን የወር አስቤዛ የሚበላ ነው። «ልጄ ጫት ቤት ከሚውል ሐይቅ ዳር ቢውል ደስታዬ ነው፤ ግን ገንዘቤ ምኑ ላይ ይዋል?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ኮልፌ ቀራንዮ ሐይቅ የለውም። በአምቦ መንገድ ወጣ ሲሉ ገፈርሳ ግድብ ይገኛል፤ እርሱ ግን የከተማችን የመጠጥ ውኃ ስለሆነ ለመዝናኛ መንጠቆ ይዞ መውረጃ ነው ብለን ለማንም አንመክርም። ስለዚህ የሠፈራችን ልጅ ዓሣ ላጥምድ ካለ ወይ ቆቃ፣ ወይ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዝዋይ (ደንበል) መድረስ አለበት። ዕቃው ከአየር ጤና እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሰው መሐል ተጨናንቆ የሚሄድ ነው። ይህን ረስቶ የዕቃ ዋጋ ማማረጥ አይቻልም።

እስቲ ከዓሣው እንጀምር። ዝዋይ ላይ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ፣ ካርፕም አለ። ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው በውኃው ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ሽበት ነው። አፉ ትንሽ ነው። የሚያብረቀርቀው የውሸት ዓሣ ሌላ ዓሣ አሳዶ ለሚበላ ዓሣ የተሠራ ነው፤ ቆሮሶ ዘወር ብሎም አያየው። ትል ወይም የተቦካ ሊጥ በትንሽ መንጠቆ ላይ ቢደረግለት ይሻለዋል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ በሽታና በጢሙ እየዳሰሰ የሚያድን ስለሆነ ብልጭታ ብዙም አይረባውም። እንግዲህ ከልጁ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ገና ከጅምሩ ወጣ። እነዚያ ውብ ቀለም የተቀቡ ዓሣዎች ሱቅ መስኮት ላይ እንዲያምሩ ይቆዩ።

ዘንጉስ? ውዶቹ ዘንጎች ካርቦን ከሚባል ነገር የሚሠሩ ናቸው። እውነት ነው፤ ቀላል ናቸው፤ ዓሣው ክሩን ነካ ሲያደርገው እጅ ድረስ ይሰማል። ነገር ግን ካርቦን ደረቅ ነው። ከጀልባ ጠርዝ ጋር ከተጋጨ፣ በር ከዘጉበት፣ ሰው ከተቀመጠበት ይሰበራል። በመስታወት ጭረት (ፋይበር ግላስ) የተሠራው ከበድ ይላል እንጂ ይተጣጠፋል፣ ግርፊያም ይችላል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። በአውቶቡስ ለሚመላለስ ጀማሪ የምንመርጠው እርሱን ነው። ዳር ቆሞ ቆሮሶ ለሚይዝ ደግሞ የአጎቱ ሸምበቆ ያልሆነለት ነገር የለም፤ በዚህ አጎቱን እንደግፋለን።

ስለ ማጠንጠኛው ሻጮች ብዙ ያወራሉ፤ ውስጡ ያለውን የኩሽኔታ ቁጥር ሣጥኑ ላይ በትልቁ ይጽፋሉ። ቁም ነገሩ ዓሣው ሲጎትት ክሩን ሳይበጥስ ቀስ እያለ የሚለቅቀው ማጥበቂያ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ የናይል ፐርች የሚገጥመው ሰው ይህ ማጥበቂያ ከሌለው ክሩም ጣቱም አይተርፍም፤ ያ ዓሣ ከአንድ ሙሉ ሰው በላይ ሊመዝን ይችላልና። እዚያ ውድ ማጠንጠኛ ዋጋውን ያወጣል። ለዝዋይ ቆሮሶ ግን በእጅ የሚጠቀለል ክር ይበቃል።

አሁን ገንዘብ ሊወጣበት ወደሚገባው እንምጣ። መንጠቆ ነው! ከዕቃው ሁሉ ትንሹና ርካሹ እርሱ ሆኖ ሳለ ሰው የሚቆጥበው እዚህ ላይ መሆኑ ይገርመናል። ዓሣውን የሚነካው እኮ መንጠቆውና ክሩ ብቻ ናቸው። የማይረባ መንጠቆ ጫፉ ዱልዱም ነው፣ ሲጎተትም ይቃናል ወይም ይሰበራል። ሲገዙ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ ማንሸራተት ነው፤ ከተንሸራተተ ይተውት፣ ጥፍሩን ያዝ ካደረገ ይግዙት። የኖርዌዩ ሙስታድ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መንጠቆ ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ስሙ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ሆኖም የታወቀ ስም ያለበት ሁሉ የዚያ ፋብሪካ ሥራ ነው ማለት አይደለምና ከማሸጊያው ይልቅ የጥፍሩን ፈተና ይመኑ። የማይዝግ ብረት ነው ተብሎ ተጨማሪ የሚጠየቅበትን ግን አይግዙ። ዝዋይ እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም፤ ደግሞም ክሩን በጥሶ ባመለጠ ዓሣ አፍ ውስጥ የቀረ ተራ መንጠቆ ውሎ አድሮ ዝጎ ይወድቃል።

ክርም እንዲሁ ነው። ተራው ናይለን ርካሽ ነው፤ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ሱቅ መስኮት ላይ ወራት የተሰቀለ ጥቅል አዲስ ቢመስልም ጉልበቱ አልቋል። ከጨለማ መደርደሪያ የወጣውን መግዛት፣ ቤትም በጨለማ ማስቀመጥ፣ በየዓመቱ መቀየር ነው። ክር የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ላይ ሲሆን፣ የዚህም መድኃኒት ነፃ ነው። ቋጠሮውን ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ ማርጠብ ነው። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በፍትጊያ ይሞቅና ይዳከማል።

ከዚህ የተረፈው ገንዘብ የት ይሂድ? እዚህ ላይ ለአባትየው ጠበቅ አድርገን የምንነግራቸው አለን። ዝዋይ ሐይቅ የቢልሐርዝያ በሽታ ያለበት ውኃ ነው፤ ጣናም እንደዚሁ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ተውሳክ በባዶ እግር ውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጁ ለቀናት ምንም አይሰማውም፤ በኋላ ግን የሆድ ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከቆየም የጉበት ጉዳት ያመጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን ዳግመኛ ውኃው ውስጥ የገባ ዳግመኛ ይያዛል። ስለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ ከማንኛውም ዘንግ ይቀድማል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ተንሳፋፊ ጃኬት። መዋኘት የማይችል የደጋ ልጅ መሆኑን አንርሳ። ርካሹን እንምረጥ የማንልበት ዕቃ ቢኖር ይህ ነው፤ ስፌቱን ጎትተው፣ ማሰሪያውን ደጋግመው ቆልፈው ይሞክሩት።

ሌላው በረዶ መያዣ ሣጥን ነው። ዓሣ ሳይታረድ ሐላል መሆኑ ለእኛ ትልቅ ምቾት ነው፤ ሐላል መሆኑ ግን ከመበስበስ አያድነውም። ሙቀት ላይ የዋለ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ በተቀጠቀጠ በረዶ መሐል ማድረግ ያስፈልጋል። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ርካሽ ሣጥን ሞጆ ሳይደርስ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ልጁም ለእናቱ ያመጣው ስጦታ ለድመት ይሆናል። ከስስና ስል ቢላዋ ጋር ደህና ሣጥን ቢገዛለት የተሻለ ነው። እናትየው ፈቃደኛ ከሆኑ ቢላዋው ከወጥ ቤት ሊወጣ ይችላል።

ለመዝናናት የሚያጠምድ ይህ ይበቃዋል። በዓሣ የሚተዳደር ሰው ዘንድ ግን የውድና የርካሽ ነገር መልኩን ይለውጣል፤ እኛም ኮልፌ ተቀምጠን ከምንበላው ዓሣ ጋር የሚያገናኘን ይኸው ነው። የአስጋሪው ትልቁ ወጪ መረብ ነው። መረብ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከብዙ ቀጫጭን ጭረቶች ከተገመደ ክር የተሠራ ሲሆን ዋጋው ከበድ ይላል፤ ሲቀደድ ይጠገናል፣ ዓመታት ያገለግላል። ሁለተኛው እንደ መንጠቆ ክር ከአንድ ነጠላ ናይለን የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፤ ውኃ ውስጥ አይታይም፤ ስለዚህም በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። ገና ኑሮ ለሚጀምር ወጣት ይህን አትግዛ ማለት ከባድ ነው፤ ልጆቹ ዛሬ መብላት አለባቸው።

ነገር ግን ነጠላው ቶሎ ይበጣጠሳል፣ ለጥገናም አይመችም፣ ይጣላል። የጥንቱ የጥጥና የተልባ እግር መረብ ውኃ ውስጥ ቢጠፋ ይበሰብስ ነበር። ናይለን አይበሰብስም። ሐይቅ ውስጥ የቀረ መረብ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ የተያዘው ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ ማንም አይበላውም። ኬንያ ይህን የነጠላ ክር መረብ በሕግ ከልክላለች። እኛም ዘንድ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ጣና ላይም የነጠላ ክር መረብ ሕገ ወጥ ተብሎ ይታወቃል፤ ገበያውና ሐይቁ ግን አልተላቀቁትም።

ከዚያም የረከሰ አለ። ጣናን በሚመግቡት ወንዞች ዳር የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ይበተናል፤ ዓሣው ትንሽ ትልቅ ሳይባል ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ሳንቲም የማያስወጣ ማጥመጃ ነው። የሚጨርሰው ግን የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ጭምር ነው።

ውድ መረብ የገዛ ሁሉ ሐይቅ ጠባቂ ነው ብለን ግን አንመሰክርም። ጣና ላይ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ዓሣ ማስገር በአብዛኛው በደንገል ታንኳ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሙያው ባለቤቶች መካከል ሙስሊሞቹ ወይጦዎች ቀዳሚዎቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 በውጭ እርዳታ የሞተር ጀልባና ደህና የናይለን መረብ መጣ። በጣና 15 ያህል በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱ አያሌዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ ልክ በዚያ ወቅት የወንዙ አፍ ላይ ተዘረጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉት የተመራማሪዎች ልኬታዎች ሲነጻጸሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ያኔ ጉዳቱን ያደረሰው የመረቡ ርካሽነት አልነበረም፤ የተዘረጋበት ቦታና ወር ነበር።

እህቶቻችን ገበያ ላይ ልብ ቢሉ ይህ ሁሉ ሳህን ላይ ይታያል። ዓይነ ጠባብ መረብ የሚያመጣው ቆሮሶ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ገና አንድ ጊዜም ያልወለደ ነው። አጥንቱ ይበዛል፣ ሥጋው ያንሳል፤ በኪሎ ሲገዙት የሚያተርፉ ቢመስልም ተላልጦና ተጠብሶ ሲቀርብ ለቤተሰቡ አይዳረስም። ዓይኑ ያልጎደጎደ፣ ጉንዱ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ፣ ርዝመቱም ቢያንስ አንድ ስንዝር ያለፈ ሲያገኙ ጥቂት ጨምረው ያንን ይውሰዱ። ሻጩ ትንንሹን ብቻ ይዞ ከመጣ ደግሞ የዚያን ቀን ምስር ይሠራ።