የጆ ስሎቮ ድፍረትና ዝምታ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ምሳሌ ትዕግሥትን የሚያስተምር መልካም ቃል ነው። ነገር ግን እውነቱን እያወቀ አፉን የዘጋ ሰው ይህን ምሳሌ መጠጊያ ሲያደርገው አይተን ልናልፈው አይገባንም። ሳይነጋለት የሞተውን ሰው የማለዳ ብርሃን አያስነሣውምና። ይህን እንድንል ያደረገን የደቡብ አፍሪቃ የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ የነበረው የጆ ስሎቮ የፖለቲካ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ሰው ሁለት ዐይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዳንዶች ከባሕር ማዶ የመጣ የሞስኮ ሎሌ ነበር ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ነጭ ሆኖ ሳለ ለጥቁሮች ነጻነት ስለ ታገለ፣ ስሕተቱን ማንሣት ውለታ ቢስነት ነው ይላሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

የመጀመሪያዎቹን ለመርታት የሰውዬው ሕይወት ይበቃል። ስሎቮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ኦቤሌይ በምትባል የሊትዌንያ መንደር ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ጆሃንስበርግ ተሰደደ። አባቱ በዚያ የጭነት መኪና ነጂ ሆነ፤ ልጁም በ1941 ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ያዘ፤ በ1942 የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። በሊትዌንያ ከቀሩት አይሁድ መካከል ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት በናዚዎች ዘመን አለቁ። ስለዚህ ሰውን በዘሩ የሚለይ መንግሥት መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ለስሎቮ የሚያስረዳው አላስፈለገውም።

በ1961 ከኔልሰን ማንዴላና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ የተባለውን የነጻነት ጦር መሠረተ። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በኮልፌ የጦር ትምህርት የተማረው ለዚሁ ጦር ነበርና፣ ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ስሎቮ ከ1963 እስከ 1990 በስደት ኖረ። ባለቤቱን ሩት ፈርስትን የአፓርታይድ መንግሥት ሰላዮች በ1982 በማፑቶ በፖስታ በላኩት ቦምብ ገደሏት። ለአገሩ ይህን ሁሉ የከፈለውን ሰው ባዕድ የሚለው አገር ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ እንመለስ። በ1952 በሞስኮ ዐሥራ ሦስት አይሁድ በሐሰት ተከሰው ተረሸኑ፤ ከእነዚህም መካከል በይዲሽ፣ ማለት ስሎቮ በልጅነቱ በተናገረበት ቋንቋ፣ የሚጽፉ የታወቁ ደራስያን ነበሩ። ይህ ለጊዜው ተደብቆ ነበርና አላወቅሁም ቢል እንቀበለው ይሆናል። ነገር ግን በ1956 ክሩስቼቭ ራሱ የስታሊንን ወንጀል ለፓርቲው ጉባኤ ተናገረ። በዚያው ዓመት የሶቭየት ታንኮች ቡዳፔስት ገቡ። በ1968 ደግሞ ፕራግ ሲገቡ የደቡብ አፍሪቃ ኮሙኒስት ፓርቲ ወረራውን ደገፈ። ከዚያ በኋላ አላወቅሁም የሚል ምክንያት ከየት ይመጣል?

ስሎቮ «ሶሻሊዝም ከሽፏልን?» የሚለውን ጽሑፉን ያወጣው በ1990 መጀመሪያ፣ የበርሊን ግንብ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያለ ሕዝብ ፈቃድ የሚገዛ ፓርቲ የሶሻሊዝምን ስም እንዳጐደፈ፣ የራሱም ፓርቲ የሞስኮን መንገድ ሳይመረምር በመከተሉ ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ አመነ። ስሕተቱን በገዛ ብዕሩ ያመነ የፓርቲ መሪ ብዙ አይገኝምና ምስጋናውን አንነፍገውም። ነገር ግን ግንቡ ከተናደ በኋላ ግንቡ ጠማማ ነበር ማለት ጠቢብ አያሰኝም።

ጠበቆቹ የሚያቀርቡት ብርቱ መከራከሪያ አለ። የምዕራብ መንግሥታት ከአፓርታይድ ጋር ሲነግዱ መሣሪያና ሥልጠና የሰጠችው ሶቭየት ኅብረት ነበረች፤ የሚያጐርስን እጅ መንከስ ይቻል ኖሯልን? ይላሉ። እኛም እንመልሳለን፤ ውለታን ማመስገን አንድ ነገር ነው፤ ለባለ ውለታው በሐሰት መመስከር ግን ሌላ ነው። ሩት ፈርስት በዚያው ትግል ውስጥ ሆና፣ ከዚያው ገበታ እየቈረሰች፣ የሶቭየትን አገዛዝ ትነቅፍ ነበር። በዚህም ከትግሉ አልራቀችም፤ ሕይወቷን ሰጠችለት እንጂ። እንግዲህ መናገር ይቻል እንደ ነበረ ምስክሩ ከስሎቮ ቤት አልወጣም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ክርክር ከሩቅ ሆነን የምንሰማ አይደለንም። በ1977 እና በ1978 ደርግ በቀይ ሽብር ወጣቶችን ሲረሽን ዋና መሣሪያ ሰጪው የሶቭየት መንግሥት ነበር። በየትም አገር ያሉ የነጻነት ሰዎች ስለ ባለ ውለታቸው ክብር ዝም ሲሉ፣ የዝምታውን ዋጋ የሚከፍሉት ስማቸውን የማያውቁት የሌላ አገር እናቶች ናቸው።

ስሎቮ እውነትን በጊዜው ሲናገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳየን ራሱ ነው። በ1992 ድርድሩ በተሰናከለ ጊዜ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ሥልጣን ከቀድሞው ገዥ ፓርቲ ጋር ይከፈል፣ የመንግሥት ሠራተኞችም በአንድ ጊዜ አይባረሩ ሲል ጻፈ። ከገዛ ወገኖቹ ብዙዎች ተቈጥተው ነበር፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለስምምነቱ በር ከፈተ፤ በ1994ም ሕዝቡ ሁሉ መረጠ። ስሎቮ የቤቶች ሚኒስትር ሆኖ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ በጥር 1995 በካንሰር ሞቶ በሶዌቶ ተቀበረ።

እንግዲህ ለወገኑ የማይጥመውን ቃል ሊናገር ድፍረት አልጐደለውም ነበር። ነቀፋችንም የሚጸናው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የማይችለውን አልጠየቅነውምና። ጠላትን መድፈር የብዙ ጀግኖች ዕድል ነው። ወዳጅን በጊዜው «ይህስ ግፍ ነው» ማለት ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ከዚያም የበለጠ ሰው ያድናል።