ከባርኔጣ ጥብጣብ የተነሣ ባንክ

«ባንክ ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ፣ አክሲዮን የሚሸጠው ባንክ ደግሞ ምን ዓይነት ባንክ ነው?» ሲል አንድ ወጣት ጠይቆኛል። ጥያቄው የሚናቅ ስላይደለ የዛሬውን ገጽ ለመልሱ ልስጥ። ለምሳሌ እንዲሆነንም በኒውዮርክ ከተማ ያለውን ጎልድማን ሳክስን እንውሰድ።

መሥራቹ ማርከስ ጎልድማን በጀርመን አገር በባቫሪያ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1848 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ በጋሪ እየዞረ ዕቃ ሸጠ፤ ኋላም በፊላዴልፊያ ባለሱቅ ሆነ። በ1869 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ መጥቶ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ቢሮ ከፈተ። ሥራውም እንዲህ ነበር፤ የቆዳና የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ገንዘብ ሲቸግራቸው «ከጥቂት ወራት በኋላ እከፍላለሁ» የሚል የተስፋ ሰነድ ይጽፋሉ። ጎልድማን ጠዋት ጠዋት እየዞረ ሰነዱን ከዋጋው ቀነስ አድርጎ ይገዛና ከሰዓት በኋላ ጥቂት አትርፎ ለባንኮች ይሸጠዋል። የገዛውንም በረጅሙ ባርኔጣው ጥብጣብ ውስጥ ይሸጕጠው ነበር ይባላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሰውዬው የሚነግደው በወረቀት ሳይሆን በእምነት ነው። የትኛው ነጋዴ ቃሉን እንደሚያከብር ማወቁ ነበር ሀብቱ።

በ1882 ዓ.ም. አማቹ ሳሙኤል ሳክስ ሸሪክ ሆኖ ገባ፤ የሁለቱም ስም ተጣምሮ እስከ ዛሬ ቆየ። በ1906 ዓ.ም. ሲርስ ሮበክ የተባለው ታላቅ የንግድ ኩባንያ ሥራውን ለማስፋፋት ገንዘብ ሲሻ፣ የጎልድማን ልጅ ሄንሪ ከሌማን ወንድማማቾች ባንክ ጋር ሆኖ የኩባንያውን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ አበዳሪ የሚያየው መሬቱን፣ ሐዲዱንና ፋብሪካውን ነበር። ሄንሪ ግን የንግዱን ትርፍና መልካም ስሙን ራሱን እንደ ሀብት ቈጠረው። ለወጣቱም ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለው ባንክ ገንዘብ የሚፈልገውን ኩባንያ ገንዘብ ካለው ሰው ጋር ያገናኛል፤ ብዙ ጊዜም አክሲዮኑን ራሱ ገዝቶ መልሶ ይሸጣል፤ ስለ ድካሙና ስለ ሥጋቱ ዋጋ ይቀበላል። ጎልድማን ሳክስ የተራውን ሰው ቁጠባ መቀበል የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ያንንም ክፍል በመሥራቹ ስም ማርከስ ብሎታል።

ነገር ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በ1928 ዓ.ም. ባንኩ የሌሎችን አክሲዮን እየገዛ የሚያተርፍ አንድ ማኅበር አቋቁሞ፣ የማኅበሩን አክሲዮን በ104 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ያ ማኅበር ሁለተኛ ማኅበር ወለደ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛ ወለደ፤ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመ። በ1929 ዓ.ም. ገበያው ሲወድቅ ተያይዘው ወደቁ፤ በ1932 ዓ.ም. ያ የ104 ዶላር አክሲዮን ከ2 ዶላር በታች ዋለ። በስልሳ ዓመት የተሰበሰበው እምነት በጥቂት ጊዜ ተበተነ።

የወደቀውን ስም ያነሣው ሲድኒ ዋይንበርግ ነው። ይህ ሰው ትምህርቱን በልጅነቱ አቋርጦ በ1907 ዓ.ም. ወደዚያ ቤት የገባው የጽዳት ሠራተኛ ረዳት ሆኖ ነበር። በ1930 ዓ.ም. አለቃ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1969 ዓ.ም. መራው። በ1956 ዓ.ም. የፎርድ መኪና ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ የፎርድን ቤተ ሰብ ያማከረ እርሱ ነው። ከውድቀቱ እስከዚህ ክብር ድረስ ሩብ ምዕት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ፈተናው ግን በዚህ አላበቃም። በ2008 ዓ.ም. የሌማን ባንክ ሲከስር ጎልድማን ሳክስም ተናውጦ ከመንግሥት 10 ሺህ ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት መለሰ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከቤት ዕዳ ጋር ስለ ተያያዘ ሰነድ ለገዢዎቹ የተሟላውን አልነገረም ተብሎ ተከሶ 550 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ጨረሰ።

ውድ አንባቢዎች፤ ይህን የጻፍሁት ለተረት ያህል አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ነገ ከደመወዛችሁ ቈጥባችሁ አክሲዮን ግዙ የሚላችሁ ሰው መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ቀን የሕንጻውን ከፍታ አትመልከቱ። «ኩባንያው ምን ይሠራል? ትርፉስ ከየት ይመጣል? ቢከስር ሻጩ አብሮኝ ይጐዳል ወይስ እኔ ብቻዬን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳይሰሙ የገዙት ወረቀት በባርኔጣም ቢሸጐጥ በካዝና ያው ወረቀት ነው።